አየር የያዘው አይሱዙ

አንድ መዝጋት የሚወድ ሹፌር ነበር። የቧንቧ ውሃ ሲንጠባጠብ ካየ፣ የሰው ግቢ እንኳ ቢሆን፣ ተነስቶ ያጠብቀዋል። የመኪናው በር በራሱ እጅ ካልተዘጋ አይነዳም። ሰው ነገር ሲያነሳበትም «ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም» ብሎ ይከድነዋል። ረዳቱ የእህቱ ልጅ ነው። ልጁ መንገድ ላይ «ጋሼ፣ ያ ጉዳይ…» ሲል የሹፌሩ እጅ ወደ ሬዲዮው ይሄዳል። ድምፁ ከፍ ይላል፤ ጉዳዩም እዚያው ያድራል።

አንድ ቀን ከሸዋ ሮቢት ሽንኩርት ጭነው ወደ አዲስ አበባ ሲወጡ አይሱዙው ዳገቱን እምቢ አለ። ነዳጁ ይረገጣል፣ ጉልበት የለም። ደብረ ሲና ከተማ ዳር ቆሙ፤ አዲስ አበባ ገና 190 ኪሎ ሜትር ያህል ይቀራል። ሹፌሩ ሥራውን ያውቃልና የናፍጣ ፊልትሮው ቆሽሾ እንደታፈነ ወዲያው ገባው። ከወንበር ስር አዲስ አወጣ፣ አሮጌውን ፈታ።

«ጋሼ፣ ናፍጣ ሞልተን ብናስረውስ?» አለ ልጁ።

«ሲነሳ ራሱ ይስበዋል። ናፍጣ አታፍስብኝ።» ባዶውን አሰረው።

ሞተሩ ተነሳ። ቱቦ ውስጥ የቀረችውን ናፍጣ እስኪጨርስ ነበር፤ ጥቂት ተንደቅድቆ ጠፋ። ከዚያ በኋላ ሞተሪኖው ይጮሃል እንጂ ሞተሩ አይይዝም።

መንገደኛ ተሰበሰበ። አንዱ ፊልትሮው ፎርጅድ ነው አለ። ሌላው ኖዝሉ ነው፣ ሌላው ፖምፓው ይውረድ አለ። አንድ ጎረምሳ በአየር ማጣሪያው በኩል ቤንዚን ልርጭ ብሎ መጣ፤ ልጁ ፊቱ ቆሞ ከለከለው፤ ደግ አደረገ፣ እሳት ይነሳ ነበር። ሹፌሩ ለሁሉም ከፈለ፦ ለገፉትም፣ ላማከሩትም። ቁልፉ በዞረ ቁጥር የሞተሪኖው ጩኸት እየወፈረ፣ እየዘገየ ሄደ። በመጨረሻ ባትሪዎቹ «ጠቅ» ብቻ አሉ። ከጣርማ በር በኩል ብርድ መውረድ ጀመረ።

ሲመሽ አንድ ሽማግሌ መካኒክ አንድ መፍቻና አንድ ባዶ ጣሳ ይዘው መጡ።

«አየሩን አስወጥተሃል?»

«አዎ፣ አስወጥቻለሁ አባቴ።»

«እስቲ አሳየኝ።»

ሹፌሩ ፊልትሮው ራስ ላይ ያለችውን ትንሽ ብሎን አላላት፤ የእጅ ፖምፓውን ሁለት ሦስቴ ተጫነ። በብሎኗ ስር ነጭ አረፋ እየተንጫጫ ወጣና ፊቱ ላይ ተረጨ። ጥርቅም አድርጎ ዘጋት።

«ለምን ዘጋሃት?»

«እየፈሰሰ እኮ ነው! ሞተሩን አቆሸሸው።»

«ምንድን ነው የፈሰሰው?»

«አረፋ።»

«ታዲያ አረፋ ካለ ውስጡ ምን ቀርቷል?»

ሹፌሩ አልመለሰም። ሽማግሌው ወደ ልጁ ዞሩ። «የናፍጣ ሞተር የእሳት ብልጭታ የለውም። ሲሊንደር ውስጥ የታመቀው አየር ይግላል፤ ናፍጣው እዚያ ላይ ሲረጭ ይቀጣጠላል። ኖዝሉን ከፍቶ እንዲረጭ ደግሞ ግፊት ይፈልጋል። ፈሳሽ ሲጫኑት አይሸሽም፣ ግፊቱን ያደርሳል። መስመሩን አየር ከያዘው ግን ሲጫኑት ይኮማተራል፣ ሲለቁት ይመለሳል። ፖምፓው ሲለፋ ይውላል፣ ኖዝሉ አይከፈትም። መኪናችሁ ምንም አልተሰበረም።»

መፍቻውን ለሹፌሩ ሰጡት። «ክፈታት። ዝጋ ሳልልህ እንዳትዘጋ።»

ልጁ ፖምፓውን ያዘ፤ ከመዳፉ ስር ልፍስፍስ ይል ነበር። ሹፌሩ ብሎኗን አላላት። አረፋው ተፋ፣ ጮኸ፣ እጅጌውን አበላሸው። መፍቻው በእጁ ተንቀጠቀጠ፤ ጣቶቹ ማጥበቅ ለምደዋል። ቆይቶ ጠራ ያለ ናፍጣ መጣ፤ ሊዘጋ ሲል «ገና ነው» አሉት። እውነትም ሌላ አረፋ ከኋላ ተከተለ፤ ከፊተኛው የባሰ። ከዚያም ትንንሽ አረፋ የቀላቀለ ናፍጣ ወጣ። በመጨረሻ ወርቃማ፣ ያልተቆራረጠ፣ ድምፅ የሌለው ናፍጣ ወረደ።

«ጠነከረብኝ!» አለ ልጁ። ፖምፓው ከእጁ ስር ድንጋይ ሆኗል።

«አሁን ዝጋ።»

ጣሳው ውስጥ የተጠራቀመው አንድ የሻይ ብርጭቆ አይሞላም ነበር።

የቀረው አጭር ነው። ከሌላ መኪና ባትሪ አስነክሰው፣ የኖዝሎቹን ቱቦዎች አላልተው፣ ሞተሪኖውን 10 ሰከንድ እያስጮሁ፣ መልሰው እያሳረፉ፣ ናፍጣ ብቅ ያለበትን እያጠበቁ ሄዱ። ሞተሩ መጀመሪያ እያነከሰ፣ ኋላ በሙሉ ድምፁ ያዘ። ሹፌሩ ከፍሎ፣ አመስግኖ ጉዞ ጀመረ።

ዳገቱ ላይ ጭጋግ ነበር።

«ጋሼ፣ ያ ጉዳይ…» አለ ልጁ።

የሹፌሩ እጅ ወደ ሬዲዮው ሄደ። ቁልፉን ነካው። ከዚያ ወደ መሪው ተመለሰ።

ልጁ ሁልጊዜ እዚህ ላይ ስለሚቋረጥ ቀጥሎ የሚለውን አላዘጋጀም ነበር። ተንተባተበ። ከዚያ ገነፈለ፦ በሠርግ ላይ ያላስቀመጡት ወንበር፣ በሰው ፊት የተጠራበት ስም፣ ባልበላው ገንዘብ የታማው ሐሜት። ግማሹ ልክ አልነበረም። ሹፌሩ ጆሮው እስኪግል ሰማ፤ «ውሸት ነው» የሚለው ቃል ምላሱ ጫፍ ደርሶ ዋጠው። በጣሊያን ወረራ ዘመን የተፈለፈለው የጣርማ በር ዋሻ ውስጥ ሲገቡ ልጁ ከማስተጋባቱ በላይ እየጮኸ ነበር። ከዋሻው ሲወጡ ዝም አለ። ሹፌሩ ሊመልስ አፉን ከፈተ፤ ግን ጠበቀ። ልጁ እንደገና ጀመረ፣ ከፊተኛው የባሰ።

ብዙ ከሄዱ በኋላ ድምፁ ዝቅ አለ።

«መንጃ ፈቃድ አወጣልሃለሁ ብለውኝ ነበር። ለእናቴም ነግረዋት ነበር። እየጠበቀች ነው የሞተችው።»

ሹፌሩ ማርሹን ቀየረ።

«ብያታለሁ» አለ። «ደብረ ብርሃን እናድራለን። ማሰልጠኛው ጠዋት ስንት ሰዓት ይከፈታል?»

«ሁለት ሰዓት ተኩል» አለ ልጁ ሳያስብ። ቀጥሎም «ሽንኩርቱስ?» አለ።

«ሽንኩርት ይቆያል።»