ሦስት ጁሙዓ ያመለጠው ወንድም

 

በዚህ ሳምንት አንድ የማውቀው ወንድም ደወለልኝ። ድምፁ ደክሟል። «ሦስት ጁሙዓ በተከታታይ አመለጠኝ። ልቤ ላይ ይታተምብኝ ይሆን?» አለኝ።

ሐዲሱን ታውቁታላችሁ። ሦስት ጁሙዓ በቸልተኝነት የተወ ሰው ልቡ እንደሚታተም ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) አስጠንቅቀዋል። ወንድማችን የፈራው እሱን ነው። ምን ሆኖ እንደቀረ ጠየቅኩት።

ከሰባት ሳምንት በፊት ባለቤቱ ከጭንቅላቷ ዕጢ ወጥቶላታል። ሜኒንጂዮማ ይባላል። አንጎልን ከሸፈነው ስስ ሽፋን ላይ የሚያድግ፣ አብዛኛውን ጊዜ ካንሰር ያልሆነ ዕጢ ነው። ቀዶ ጥገናው አልሐምዱሊላህ ተሳካ። ዘመድ ጎረቤቱ «እንኳን አላህ ማራት» ብሎ መጣ፣ ተቀመጠ፣ ቡና ጠጣ፣ ሄደ። እናቷም ሦስት ሳምንት አስታመው ወደ ክፍለ ሀገር ተመለሱ። ከዚያ በኋላ ቤቱ ውስጥ የቀሩት ሁለቱ ብቻ ናቸው። አንድ ቀን መንቀጥቀጥ ይዟት ኩሽና ውስጥ ወድቃለች። ስለዚህ ብቻዋን ትቷት ለመውጣት ይፈራል። ሥራ ሲሄድ ጎረቤት ታያታለች። ጁሙዓ ቀን ግን ጎረቤቷ የለችም።

ቀጥሎ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ሌላ ነገር ነገረኝ። «እሷ ያገባኋት ልጅ አይደለችም» አለኝ። ትቆጣለች። ያለ ምክንያት ታለቅሳለች። ስትናገር ቃል ይጠፋባታል፤ ሊያግዛት ሲሞክር ትጮህበታለች። ቀኑን ሙሉ ትተኛለች፣ ሌሊት ትነቃለች። አንድ አጎቱ ደግሞ «አንተ ገና ወጣት ነህ፤ ወደ እናቷ መልሳትና ሕይወትህን ቀጥል» ብለውታል። «ወላሂ አንድ ሌሊት አሰብኩት» አለኝ።

ወንድሜ፣ እህቴ፣ ዛሬ ስለዚህች ሌሊት ላውራችሁ። ብዙዎቻችሁ አላገባችሁም ወይም በቅርቡ ያገባችሁ ናችሁ። ኒካሕ ስናስብ የምናስበው ስለ መህሩ፣ ስለ ቤቱ፣ ስለ ሠርጉ ነው። ያቺ ሌሊት ግን በማንኛችንም ቤት ልትመጣ ትችላለች።

በሁለተኛው ዓመተ ሂጅራ ሙስሊሞች ወደ በድር ሲወጡ፣ ዑስማን ኢብኑ ዐፋን (ረዲየላሁ ዐንሁ) መዲና ቀሩ። ሚስታቸው ሩቀያ፣ የነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ልጅ፣ ታማ ነበር። እንዲቀሩና እንዲያስታምሟት ያዘዟቸው ራሳቸው ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ናቸው። የዚያን ቀን ትልቅነት አስቡት። በድር ላይ የተገኘ ሰው በሶሓቦች መካከል እስከ ዕለተ ሞቱ «የበድር ሰው» እየተባለ ተከብሯል። ዑስማን ያንን ቀን ያሳለፉት በአንዲት በሽተኛ አልጋ አጠገብ ነው። ሩቀያ ከዚያ ሕመም አልተነሳችም። የድሉ ብሥራት መዲና ሲደርስ የቀብሯ ሰዓት ነበር። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ግን ለዑስማን በድር ላይ እንደተዋጋ ሰው አጅሩም ድርሻውም እንዳላቸው ነግረዋቸዋል።

አያችሁ? ሚስትን ማስታመም ከዲን ሥራ መጓደል ሆኖ አልተቆጠረም። የዚያን ቀን የዑስማን በድር ያች አልጋ ነበረች።

ስለ ጁሙዓውም ቢሆን፣ ዐብደላህ ኢብኑ ዑመር (ረዲየላሁ ዐንሁማ) ሰዒድ ኢብኑ ዘይድ በጁሙዓ ቀን መታመማቸውን ሲሰሙ፣ ቀኑ ከፍ ብሎ ሶላቱ ተቃርቦ ሳለ ወደ እሳቸው ሄደዋል፤ ጁሙዓውንም ትተዋል። ዑለሞች ሌላ አስታማሚ የሌለውን በሽተኛ መጠበቅ ዑዝር መሆኑን ያስተምራሉ። ስለዚህ ለወንድማችን «የአንተ ቸልተኝነት አይደለም፤ ዙህርህን ቤትህ ስገድ» አልኩት። ይህ ግን ለሰነፍ በር መክፈቻ አይደለም። የሚተካህ ሰው ካለ ትሄዳለህ።

አሁን ወደ ከባዱ ጥያቄ እንምጣ። «ያገባኋት ልጅ አይደለችም» ላለው።

አላህ (ሱብሓነሁ ወተዓላ) በሱረቱ ሩም ስለ ትዳር ሲነግረን በመካከላችን ሁለት ነገር እንዳደረገ ይነግረናል፤ መወዳና ራሕማ፣ ፍቅርና እዝነት። ለምን ሁለት? እኔ የሚገባኝ እንዲህ ነው፤ ፍቅር የሚደክምበት ቀን አለ። የምትወደው ፈገግታ ሲጠፋ፣ የሚያጫውትህ አንደበት ሲኮላተፍ፣ ያን ቀን ቤቱን የሚያቆመው እዝነት ነው። እዝነት ኖሮ ቤቱ ከቆመ ፍቅር የሚመለስበት ደጅ ያገኛል።

ደግሞም እወቅ። የምታየው ቁጣ ጸባይዋ አይደለም። አንጎል ቆዳ አይደለም፤ ስፌቱ ሲደርቅ አብሮ አይድንም። ከቀዶ ጥገና በኋላ ድካሙ ለሳምንታት፣ አንዳንዴም ለወራት ይቆያል። ትኩረት፣ ትዝታ፣ ንግግርና ስሜት እንደ ዕጢው ቦታ ሊነኩ ይችላሉ። እብጠት ለመቀነስ የሚሰጠው ዴክሳሜታዞን የሚባለው መድኃኒት ራሱ እንቅልፍ ይነሳል፣ ያነጫንጫል። ስለዚህ ስትጮህብህ አንተን እየጠላችህ ነው ብለህ አትፍረድ። ፊቷ ላይ ያለውን ሳይሆን ከፋሻው ሥር ያለውን አስብ።

እስቲ በተግባር እንነጋገር፤ ተወኩል ግመሉን ካሰሩ በኋላ ነውና።

መድኃኒቷን በሰዓቱ ስጣት። የመንቀጥቀጥ መድኃኒትም ሆነ ዴክሳሜታዞን «ተሽሏታል» ተብሎ ያለ ሐኪም ትእዛዝ በድንገት አይቋረጥም። ረመዳን ሲመጣ መጾም ትችል እንደሆነ ሐኪሟን ጠይቁ። አላህ ለታመመ ሰው ሌሎች ቀናትን ሰጥቷል፤ ያንን ስጦታ መቀበል የኢማን ድክመት አይደለም።

መንቀጥቀጥ ከያዛት በጎኗ አስተኛት፣ ከራሷ ሥር ለስላሳ ነገር አድርግ፣ ሰዓት ተመልከት። አፏ ውስጥ ማንኪያም ጣትም አታስገባ። ክብሪት ጭሮ ማሽተት የምናውቀው ልማድ ነው፤ አይጠቅማትም፣ ሊያቃጥላት ግን ይችላል። ከአምስት ደቂቃ ካለፈ ወይም ከተደጋገመባት ፈጥነህ ሆስፒታል ውሰዳት። እየባሰ የሚሄድ ራስ ምታት፣ ማስታወክ፣ ትኩሳት፣ ከቁስሉ የሚወጣ ፈሳሽ፣ የአንድ ጎን መድከም፣ መደነባበር ካየህም «እስከ ነገ እንይ» አትበል።

«ዓይን ነው፣ ሲሕር ነው» የሚሉህ ይመጣሉ። ቁርኣን ቅራባት፣ እጅህን አሳርፈህ ዱዓእ አድርግላት፤ ሱናችን ነው። ነገር ግን መታከምንም ያዘዙን እኚሁ ነቢይ ናቸው። ሩቅያ አደርጋለሁ ብሎ መድኃኒት የሚያስጥል ሰው ወደ ቤትህ አይግባ።

ሶላቷን አቅልልላት። መቆም ያቃተው ተቀምጦ፣ መቀመጥ ያቃተው በጎኑ እንዲሰግድ ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ለዒምራን ኢብኑ ሑሰይን አስተምረዋል። ጎንበስ ማለት ጭንቅላቷን ካሳመማት ወንበር ላይ ሆና በምልክት ትስገድ። ቁስሉን ውሃ እንዳይነካው ከተባለች በፋሻው ላይ ታብሳለች። «እንደ ድሮዬ አልሰገድኩም» ብላ ካለቀሰች፣ የታመመ ሰው ጤነኛ ሳለ ይሠራ የነበረው እንደሚጻፍለት ንገራት። ይህ ከነቢያችን የመጣ ብሥራት ነው።

ቃል ሲጠፋት ዝም ብለህ ጠብቅ። ቃሉን ከአፏ አትንጠቅ። የተላጨ ጸጉሯን ሒጃቧ ከሰው ይሸፍንላታል፤ ከመስታወት ግን አይሸፍንላትም። እዚያ መስታወት ፊት የአንተ ቃል ያስፈልጋታል። ባልና ሚስት አንዱ ለአንዱ ልብስ ነው የተባልነው ለዚህ ቀንም ነው።

ሳህን ማጠብና ልብስ ማጠብ ወንድነትህን አይቀንስም። እናታችን ዓኢሻ (ረዲየላሁ ዐንሃ) ነቢያችን ቤት ውስጥ ምን ይሠሩ እንደነበር ስትጠየቅ፣ ቤተሰባቸውን ያገለግሉ እንደነበርና የሶላት ሰዓት ሲደርስ እንደሚወጡ ተናግራለች።

እህቴ፣ የታመመው ባልሽ ከሆነም ይህ ሁሉ ላንቺ ነው። ቤቱን ይመራ የነበረ ሰው ሸሚዙን መቆለፍ ሲያቅተው የሚሰማውን ውርደት አስቢ። እያገዝሽው ክብሩን ጠብቂለት፤ ሰው ፊት ስለ ድክመቱ አታውሪ። የአዩብ (ዐ.ሰ) ሚስት በዚያ ረጅም ሕመም ከጎናቸው ያልጠፋች ሴት እንደነበረች ዑለሞች ይተርካሉ።

አስታማሚውም ሰው ነው። መድከም፣ መናደድ፣ አንድ ሌሊት «ልሂድ» ብሎ ማሰብ ሙናፊቅ አያደርግህም። ልብህ ላይ ውልብ ብሎ ያልተገበርከውን አላህ አይዝብህም። ግን ብቻህን አትሸከመው፤ ለሚታመን ሰው ንገር፣ እርዳታ ጠይቅ፣ ተኛ።

የመጨረሻው ቃሌ ለእናንተ ነው፤ ጤነኛ ለሆናችሁት። እኛ በሽተኛ መጠየቅ እንወዳለን፤ ግን ብርቱካን ይዘን ሰብሰብ ብለን ሄደን፣ ሁለት ሰዓት ጮክ ብለን አውርተን፣ አድክመናት እንመለሳለን። ያ ወንድም የሚያስፈልገው ብርቱካን አይደለም። ጁሙዓ ቀን ከስድስት ሰዓት እስከ ስምንት ሰዓት ባለቤቱ አጠገብ በጸጥታ የምትቀመጥ አንዲት እህት ነች። እህቴ፣ ጁሙዓ በአንቺ ላይ ግዴታ አይደለም። ያቺን ሁለት ሰዓት ብትሰጪ ለአንዱ ጁሙዓውን፣ ለሌላዋ ሰላሟን ሰጠሽ።

ትናንት ማታ ሁለት የሰፈሩ እህቶች ተራ ገብተዋል። ወንድማችን ዛሬ ኢንሻአላህ መስጂድ ይገኛል። አጎቱንም «አጎቴ፣ አማናዬ ናት» ብሎ መልሶላቸዋል።

በሰፈራችሁ እንዲህ ያለ ቤት አለ። ዛሬ ከሶላት በኋላ ፈልጉት።

ያ አላህ፣ ሕመምተኞቻችንን ሕመም የማያስከትል ፈውስ ፈውሳቸው። ለሚያስታምሙት ሰብርን፣ ለትዳሮቻችን መወዳና ራሕማን ስጥ። አሚን።

ሱረቱል ከህፍን እንቅራ፣ በነቢያችን ላይ ሰለዋት እናብዛ። ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።