ልጁን ማን ጠየቀው?

ድሬዳዋ፣ ሳቢያን ሰፈር ውስጥ ሥነ ዜጋ አስተምራለሁ። ከምዕራፉ ሁሉ ለማስረዳት የሚከብደኝ ስለ ራሳችን ከተማ ነው። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 49 ለአዲስ አበባ ራስን የማስተዳደር ሙሉ ሥልጣን ይሰጣል፤ ድሬዳዋን ግን በስሟ እንኳ አይጠራትም። ኦሮሚያም ሶማሌም «የእኔ ናት» ስላሏት በፌዴራል መንግሥት ሥር ቆየች፤ ቻርተሯንም ያገኘችው በአዋጅ ቁጥር 416/1996 ነው።

ጃፓኖች ግን ከተማን የሚመድቡት በይገባኛል ሳይሆን በዋናነት በነዋሪው ብዛት ነው። እ.ኤ.አ. በ1956 ኦሳካ፣ ናጎያ፣ ኪዮቶ፣ ዮኮሃማና ኮቤ ልዩ ሥልጣን ሲያገኙ፣ የሕጉ መነሻ ግማሽ ሚሊዮን ሕዝብ ነበር። እኛ ዘንድ የከተማው ምክር ቤት ወንበር ለዓመታት የተከፋፈለው 40 ለኦሮሞ፣ 40 ለሶማሌ፣ 20 ለሌሎች በሚል ቀመር ነው። በ1999ኙ ቆጠራ ደግሞ «ሌሎች» ከመቶ 30 ገደማ ነበሩ። ቀመሩን የወለደው ድርድር እንጂ ቆጠራ አይደለም።

እናቷ ሶማሌ፣ አባቷ የአማራና የጉራጌ ልጅ የሆነ አንዲት ተማሪዬ «ቲቸር፣ እኔ ከየትኛው ውስጥ ነኝ?» አለችኝ። መማሪያ መጽሐፉ መልስ የለውም።

ነገሩ የባለቤትነት ጥያቄ ነው። በ1895 ዓ.ም. ባቡሩ የሐረርን ተራራ መውጣት ስላልቻለ እዚህ ቆመ፤ ከተማዋም ተወለደች። መሬቱ ግን ባዶ አልነበረም፤ የሶማሌው ኢሳም የኦሮሞው ኖሌም ከብቱን ያሰማራበት ነበር። ስለዚህ የቀደመ ሰው መብት አለው። የከዚራንና የመጋላን ሰፈሮች የሠራው፣ ከፊራ ገበያ ላይ የሚነግደው፣ የደቻቱ ወንዝ በ1998 ሞልቶ ሲመጣ ሬሳ አብሮ የፈለገው ሰውስ? መሬት ከአያት ይወረሳል፤ ከተማ ግን አብሮ በመኖር ይሠራል። አንዱን መብት ለማክበር ሌላውን መሻር ግድ አይደለም።

ሁለት ሴቶች በንጉሥ ሰሎሞን ፊት ስለ ሕፃን የተካሰሱበትን ታሪክ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ያውቀዋል። እናቲቱ የታወቀችው ልጇ እንዳይሞት ስትል ይገባኛል ማለቷን በመተዋ ነው። በእኛ ክርክር የተወ የለም፤ ዳኛው ልጁን ራሱ ይዞት ቀረ።

«ቀመሩ ባይኖር ደም ይፈስ ነበር» የሚሉኝ አሉ። ይሁን፤ ሰላም ትንሽ ነገር አይደለም። ነገር ግን የተኩስ አቁም ስምምነትን ፍትሕ ብሎ መጥራት ነገ የሚመጣውን ዳኝነት ይዘጋል። የሰሎሞኑ ሕፃን አፍ አልፈታም ነበር፤ ድሬ ግን ከመቶ ዓመት በላይ ሆኗታል። ሕግ አውጪዎች ሆይ፣ ቻርተሩን ስታሻሽሉ አስቀድማችሁ ነዋሪውን ጠይቁ።