ቦታውን የለቀቀ መልካም ነገር



ከመካከላችን ቃር ይዞት የማያውቅ ጥቂት ነው። ከደረት አጥንት ጀርባ ተነሥቶ ወደ ጉሮሮ የሚወጣ፣ አፍን የሚያኮመጥጥ፣ ሲያጎነብሱና ሲጋደሙ የሚብስ ቃጠሎ ነው። ብዙዎቻችን «ጨጓራዬ ተነሣብኝ» ብለን ጥፋቱን ሁሉ በአሲዱ ላይ እንጥላለን። አሲዱን ግን ፈጣሪ ያለ ምክንያት አላኖረውም፤ ምግቡ እንዲፈጭ ይረዳል፤ ከምግብ ጋር የሚገባውን ጀርም ይገድላል። የጨጓራ ግድግዳ ዝልግልግ ሽፋን ስላለው አሲዱን ይችለዋል፤ ምግብ የሚወርድበት ቧንቧ ግን እንዲህ ያለ መከላከያ የለውም። በሁለቱ መካከል ያለው የጡንቻ በር ሲላላ ወይም ያለ ጊዜው ሲከፈት አሲዱ ወደ ላይ ይወጣል፤ ያቃጥላልም። እንግዲህ ሕመሙ የመጣው መልካሙ ነገር ቦታውን በመልቀቁ ነው።

የነፍስም ሕግ ይኸው ነው። ቁጣ ግፍን ለመቃወም ተሰጥቶናል፤ በልጅና በትዳር ላይ ሲፈስ ግን ቤት ያፈርሳል። ቅዱስ ጳውሎስ በቆሮንቶስ ጉባኤ ሁሉ ነገር በሥርዓት እንዲሆን ያዘዘው ለምእመናኑ የተሰጠው ጸጋ ክፉ ሆኖ ሳይሆን አጠቃቀሙ ሥርዓት ስላጣ ነበር። ራስን መግዛትም ፍላጎትን ከስፍራው እንዳይወጣ መጠበቅ እንጂ ፍላጎትን መግደል አይደለም።

«ጨጓራዬን ያሳመመው ጾሙ ነው» የሚል ይኖራል። አቤቱታው አይናቅም፤ የጨጓራ ቁስለት ያለበት፣ መድኃኒቱን ከምግብ ጋር የሚወስድም አለ። እንዲህ ያለው ሐኪሙንም የንስሐ አባቱንም ያማክር፤ ቤተ ክርስቲያን በሕመምተኛ ላይ ቀንበር አታከብድም። ለብዙዎቻችን ግን ችግሩ ከአገዳደፋችን ነው። የትንሣኤን ሌሊት እንመልከት፦ 55 ቀን ከቅቤና ከሥጋ የራቀ ሆድ ከቅዳሴ መልስ ቅቤው የተንሳፈፈበትን ዶሮ ወጥ ከነእንቁላሉ ይቀበላል፤ ጠላው ይደገማል፤ ከዚያ ወዲያው መኝታ። ቅባት ምግቡ ከጨጓራ ቶሎ እንዳይወርድ ያዘገያል፤ የሞላ ሆድ በሩን ይገፋል፤ አልኮል ያላላዋል፤ መጋደም ደግሞ አሲዱ እንዲወጣ መንገዱን ያቀልለታል። አራቱ በአንድ ሌሊት ሲገጥሙ ቃር ቢመጣ በምን ፍርድ ጾሙ ይከሰሳል? ሲራክም ከመጠን በላይ የበላ ሰው እንቅልፍ እንደሚያጣ፣ በልኩ የበላ ግን በሰላም እንደሚያድር አስተምሯል።

ሌላው ደግሞ «ጸበል ይበቃኛል፤ መድኃኒት መዋጥ እምነት ማጉደል ነው» ይላል። ያው መጽሐፈ ሲራክ ምዕራፍ 38 ሐኪምን እንድናከብር ያዛል፤ መድኃኒትንም ከምድር ያወጣው እግዚአብሔር መሆኑን ይመሰክራል። በተቃራኒው «ኦሜፕራዞል እያለ ምን ያስጨንቀኛል» የሚለውም ተሳስቷል። መድኃኒቱ አሲዱን ይቀንሳል እንጂ የላላውን በር አይዘጋም፤ ብዙውን ጊዜም የሚወሰደው ከምግብ በፊት፣ ሐኪም በወሰነው መጠንና ጊዜ ነው። ከእርሱ ጋር ሥርዓት ያስፈልጋል፦ ጥቂት ጥቂት መብላት፣ ከእራት በኋላ ለ3 ሰዓታት ያህል አለመጋደም፣ የአልጋውን ራስጌ ከ15 እስከ 20 ሴንቲ ሜትር ከፍ ማድረግ፣ በግራ ጎን መተኛት፣ ሲጋራ መተው፣ የበዛ ክብደት መቀነስ። ሚጥሚጣውም ቡናውም ሁሉን እኩል አይጎዳም፤ እያንዳንዱ የሚያስነሣበትን ለይቶ ይወቅ።

አንድ ነገር ግን አደራ። ደረት ያቃጠለ ሁሉ ቃር አይደለም። ሕመሙ ደረትን የሚጫን፣ ወደ ክንድ ወይም ወደ መንጋጋ የሚዘልቅ፣ ላብና ትንፋሽ ማጠር ያለበት ከሆነ የልብ ሊሆን ይችላልና ሳይውል ሳያድር ወደ ድንገተኛ ክፍል ሂዱ። ደም ያስመለሰ ወይም ሰገራው እንደ ሬንጅ የጠቆረ ሰውም እንዲሁ አይዘግይ። መዋጥ የሚቸግረው፣ ሳይፈልግ የሚከሳ፣ ቃሩ በሳምንት ሁለት ጊዜና ከዚያ በላይ የሚመላለስበትም ይመርመር። ሥጋችን የእግዚአብሔር አደራ ነው፤ በማዕድም በመድኃኒትም በሥርዓት እንጠብቀው።