ተከራዩን ሳታውቁ ቤት አትግዙ

በደቡብ ጎንደር፣ በይፋግና በወረታ ትንሽ ገንዘብ የያዘ ሰው መጀመሪያ የሚያስበው ቤት ነው። ሩዙን ሸጦ፣ ዕቁብ ደርሶት ወይም ልጁ ከዓረብ አገር ልካለት «ሁለት ሦስት ክፍል ልግዛና ላከራይ» ይላል። ሐሳቡ መልካም ነው። የሚያሳዝነኝ የዕድሜ ልክ ጥሪት በአንድ ደላላ ቃል ሲወጣ ነው። «እዚህ ሰፈር ተከራይ ሞልቷል» ይላል ደላላው። እሱ ግን የሚከፈለው ቤቱ ሲሸጥ ነው፤ ክፍሉ ሦስት ወር ባዶውን ቢከርም ከኪሱ አይጎድልም።

ቀብድ ከመስጠታችሁ በፊት ቤቱን ማን እንደሚከራየው እወቁ። አስተማሪ ነው? ነርስ ነው? ሾፌር ነው?

ይፋግ በ19ኛው መቶ ዘመን ስሟ የገነነ ትልቅ ገበያ ነበረች፤ ነጋዴው አሞሌውን ጭኖ የሚያርፍባት። ዛሬ ግን ይፋግ ያለችበት የሊቦ ከምከም ወረዳ መቀመጫ አዲስ ዘመን ነው፤ የባሕር ዳር፣ የጎንደርና የደብረ ታቦር መንገዶች የሚገናኙት ደግሞ ወረታ ላይ ነው። የወረዳ ሠራተኛ ቢሮው አጠገብ፣ ሾፌር መገናኛው አጠገብ ማደር ይመርጣል። ይፋግ ላይ ቤት አትግዙ ማለቴ አይደለም። የድሮ ስሟ ግን ኪራይ አይከፍልም፤ ዛሬ እዚያ ሠርቶ የሚያድረውን ሰው ቁጠሩ።

ወቅቱንም አትርሱ። የፎገራ ሩዝ በኅዳርና በታኅሣሥ ሲሰበሰብ ነጋዴውም ጫኙም ወደ ወረታ መፈልፈያዎች ይጎርፋል። በዚያ ሰሞን ያያችሁትን ፍላጎት ዓመቱን ሙሉ የሚዘልቅ አድርጋችሁ አታስቡ። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ተመልሳችሁ እዩ። የርብና የጉማራ ወንዞች ሲሞሉ ሜዳው ምን እንደሚሆን በነሐሴ 1998 ዓ.ም. ጎርፍ ፎገራና ሊቦ ከምከም አይተውታል። ግድግዳው ላይ የውኃ ምልክት ካለ፣ ቀለም ተቀብቶም ቢሆን፣ ጎረቤት ጠይቁ።

«ዩኒቨርሲቲ አለ፣ ኮሌጅ አለ» የሚለውም ወሬ ብዙ ሰው ያታልላል። በመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎቻችን መደበኛው ተማሪ በአብዛኛው የሚያድረው በግቢው ውስጥ ነው። ቤት የሚከራየው መምህሩና ሠራተኛው ነው፤ እነሱም ቁጥራቸው የተወሰነ ነው።

ታዲያ በእግራችሁ ሂዱ። የሚከራዩ ክፍሎች ያሉበት ግቢ ግቡና ከአከራዩ ይልቅ ተከራዩን አነጋግሩ። ስንት ይከፍላል? ውኃ በሳምንት ስንት ቀን ይመጣል? ቆጣሪው የጋራ ነው? ከሱ በፊት የነበረው ለምን ወጣ? ማታ ደግሞ ከውጭ የተቆለፉትን በሮች ቁጠሩ፤ ከብዙ ደላላ የበለጠ እውነት እዚያ አለ።

ከዚያ ሒሳቡን ሥሩ። ለምሳሌ በ2 ሚሊዮን ብር አራት ክፍል ገዛችሁ፤ እያንዳንዱ በወር 1,500 ብር ቢከራይና ዓመቱን ሙሉ ባዶ ባይሆን 72,000 ብር ነው። ከዚያ ላይ ግብርና ጥገና ይነሣል። ያው ገንዘብ በ7 በመቶ ወለድ ባንክ ቢቀመጥ 140,000 ብር ያመጣ ነበር። «ቤት ዋጋው ይጨምራል፣ ብር ይወድቃል» ትሉኝ ይሆናል፤ እውነት ነው። ይህ ግን ሸጦ የማትረፍ ተስፋ እንጂ የኪራይ ገቢ አይደለም። ልጅ ለማስተማር የወር ገቢ የሚፈልግ ሰው ሁለቱን ሊያምታታ አይገባም።

«ኋላ ኪራይ እጨምራለሁ» በሚልም አትተማመኑ። የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ ቁጥር 1320/2016 በሚሠራባቸው ከተሞች የኪራይ ውል ከሁለት ዓመት አያንስም፤ አከራይ እንዳሻው መጨመር አይችልም። ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ በአማራ ክልላችን የጸጥታው ነገር መንገድና ሥራ እንዴት እንደሚያቋርጥም አይተናል፤ ለባዶ ወራት መጠባበቂያ ያዙ።

ውጭ አገር ያላችሁ ልጆቻችንም በስልክ የተላከላችሁን የቤት ፎቶ አይታችሁ ገንዘብ አትላኩ። ከሽያጩ ኮሚሽን የማያገኝ አንድ ዘመድ ልካችሁ የሰፈሩን ተከራዮች አስጠይቁ።