ፉከራ የሌለው ገዳይ

በአገራችን የጦር ባህል ገዳይ ስሙን አይደብቅም ነበር። ከዘመቻ ሲመለስ በአለቃው ፊት ቆሞ ይፎክራል፤ የአባቱን ስም፣ የፈረሱን ስም፣ የዋለበትን ሜዳና የጣለውን ሰው ይቆጥራል። ይህ ልማድ ትምክሕት የሞላበት፣ በሰው ሞት ላይ የቆመ ጌጥ መሆኑን የሚክድ የለም፤ እኔም ላወድሰው አልተነሣሁም። ይሁን እንጂ በፉከራው ውስጥ አንድ የማይናቅ ነገር ነበረ፤ ይኸውም የፈሰሰው ደም ባለቤት እንዲታወቅ ማድረጉ ነው። ገዳዩ ከታወቀ ደመኛው ይታወቃል፤ ደመኛው ከታወቀ ሽማግሌ የሚገባበት በር ይገኛል፤ ካሣ ይቆረጣል፣ ዕርቅ ይወርዳል። ጥፋተኛው ባልታወቀ ጊዜ እንኳ አውጫጭኝ የሚባል ሥርዐት ነበረ። የአካባቢው ሰው ሥራውን ፈትቶ በአንድ ሜዳ ይሰበሰባል፤ ስም እስኪወጣም ድረስ ወደ ቤቱ አይመለስም። አሰልቺና አንዳንድ ጊዜም ግፍ ያለበት ሥርዐት ነበር፤ መሠረተ ሐሳቡ ግን ግልጽ ነው፤ ደም ፈስሶ ባለቤት ሳይኖረው ሊቀር አይችልም ይላል።

እንግዲህ ጥያቄው ይህ ነው፤ ግድያ ከምድር ወደ ሰማይ ሲወጣ፣ ቀጥሎም ከአብራሪ እጅ ወጥቶ ወደ መሣሪያ ሲተላለፍ፣ የደሙን ባለቤት ማን ብለን እንጠራዋለን?

ለዚህ ጥያቄ የጣና አካባቢ የሩቅ ተመልካች አይደለም። የመጀመሪያው አይሮፕላን በነሐሴ ወር 1921 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ካረፈ ገና ስምንት ወር ሳይሞላው፣ ከሐይቁ በስተምሥራቅ በደብረ ታቦር ተቀምጠው በጌምድርን ይገዙ የነበሩት ራስ ጉግሣ ወሌ ከንጉሥ ተፈሪ መኰንን ጋር ተጣልተው ጦራቸውን አንቀሳቀሱ። ከመሐል አገር የመጣው ጦር አይሮፕላን ነበረው። አይሮፕላኑ በመጀመሪያ የጣለው ግን ቦምብ ሳይሆን ወረቀት ነበር፤ ከራስ ጉግሣ ጋር የሚቆም ሁሉ የተወገዘ ይሁን የሚል፣ በሃይማኖት አባቶች ስም የተጻፈ ወረቀት። መጋቢት 22 ቀን 1922 ዓ.ም. በአንቺም ያው ሰማይ ቦምብ አወረደ፤ ራስ ጉግሣም በዚያው ዕለት በውጊያው ወደቁ። ይህን ታሪክ የሚተርኩ ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ የሚደነቁት በመሣሪያው አዲስነት ነው። እኔን የሚያስደንቀኝ ግን የሁለቱ ጭነቶች ልዩነት ነው። የወረቀቱ ላኪ የታወቀ ነበር፤ የተቀበለው ሰው ሊታዘዘው፣ ሊከራከረው ወይም ቀድዶ ሊጥለው ይችላል። ቦምቡ ግን ተከራካሪ የለውም። መሪውን የያዘው እንኳ በደመወዝ የተቀጠረ የውጭ አገር ሰው ነበረ፤ ከበጌምድር ገበሬ ጋር ደም የሚያቃባው አንዳች ነገር አልነበረውም።

ስድስት ዓመት ሳይሞላ የፋሺስት ኢጣሊያ አይሮፕላኖች መጡ። ኅዳር 26 ቀን 1928 ዓ.ም. ደሴን ደበደቡ፤ ከዚያም የመርዝ ጋዝ ከሰማይ ረጩ። ከአብራሪዎቹ አንዱ የሙሶሊኒ ልጅ ቪቶሪዮ ነበር። አገሩ ሲመለስ መጽሐፍ ጽፎ፣ በቦምብ የሚበታተኑ ፈረሰኞችን እንደሚፈካ አበባ ያማረ ትዕይንት አድርጎ አቀረባቸው። ይህን ከእኛ ፉከራ ጋር አንድ ነው የሚል ካለ ተሳስቷል። ፎካሪ የገደለውን ሰው ጦር ፊት ቆሞ ያየ ነው፤ ያ ወጣት ያየው ቀለምና ቅርጽ ብቻ ነበር። ንጉሠ ነገሥቱ ሰኔ 23 ቀን 1928 ዓ.ም. በጄኔቭ ቆመው የጋዙን ዝናብ ለዓለም ተናገሩ። የኢጣሊያ የመከላከያ ሚኒስቴር ጋዙ መጣሉን በይፋ ያመነው ግን በ1988 ዓ.ም. ነው። ስልሳ ዓመት! አውጫጭኙ ስልሳ ዓመት ፈጀ ማለት ነው፤ በዚያን ጊዜ የተቃጠሉት ሰዎችም ሆኑ ያቃጠሏቸው አብዛኞቹ በመቃብር ነበሩ።

ይህ የሰማይ ጠባይ ነው፣ ከከፍታ የመጣ የማይቀር ዕጣ ነው እንዳይባል፣ ባሕር ዳር ራሷ ተቃራኒውን ትመሰክራለች። መስከረም 5 ቀን 1981 ዓ.ም. ከባሕር ዳር የተነሣ የኢትዮጵያ አየር መንገድ ቦይንግ 737 ገና መሬት ሲለቅ ከርግቦች መንጋ ጋር ተጋጨ፤ ወፎቹ ወደ ሁለቱም ሞተሮች ገቡ፤ አይሮፕላኑ ወድቆ በእሳት ተያያዘ። ከ104 ሰዎች 35ቱ ሞቱ። መርማሪዎች ሞተሮቹን ፈትተው፣ ምክንያቱ ርግብ መሆኑን ለይተው ጻፉ። ይህን የሚያስገድደው በኅዳር 1937 ዓ.ም. በቺካጎ የተፈረመው፣ አገራችንም ከፈራሚዎቹ አንዷ የሆነችበት የሲቪል አቪዬሽን ስምምነት ነው። ነገር ግን ያው ስምምነት በ3ኛው አንቀጹ የጦር አይሮፕላን እንደማይመለከተው ይናገራል። ባሕር ዳር ላይ ያ አደጋ ከመድረሱ ሦስት ወር ባልሞላ ጊዜ በፊት፣ ሰኔ 15 ቀን 1980 ዓ.ም.፣ የደርግ ተዋጊ አይሮፕላኖች በሐውዜን ገበያ ላይ ቦምብ ጥለው በመቶዎች የሚቆጠሩ ገበያተኞችን ፈጅተው ነበር። በአንድ አገር፣ በአንድ ክረምት መግቢያና መውጫ፣ ሁለት ዓይነት ሬሳ ተቀበረ፤ አንዱ በርግብ ክንፍ ሳይቀር ተመርምሮ፣ ሌላው አብራሪው ማን እንደሆነ እንኳ ለሟች ቤተሰብ ሳይነገር።

ዛሬ አብራሪውም ከአይሮፕላኑ ወርዷል። በታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. መጨረሻ፣ በገና ዕለት ሌሊት፣ በትግራይ ደደቢት በተፈናቃዮች መጠለያ ላይ በድሮን በተፈጸመ ጥቃት ከሃምሳ በላይ ሰዎች ሞተዋል። በነሐሴ 2015 ዓ.ም. በአማራ ክልል ግጭቱ ከተባባሰ ወዲህም የተባበሩት መንግሥታት የሰብአዊ መብት ጽሕፈት ቤት በድሮን የተገደሉ ሰላማዊ ሰዎችን መዝግቧል። በ2017 ዓ.ም. ደግሞ ስካይዊን የተባለ የድሮን ፋብሪካ በአገራችን ሥራ መጀመሩ ተገልጿል። ስለዚህ ነገሩ የተጠቂ አገር እንጉርጉሮ ብቻ ሆኖ ሊቀር አይችልም፤ የሠሪና የአስወንጫፊ ጥያቄም ሆኗል።

የድሮን ደጋፊዎች የሚያቀርቡት ክርክር ቀላል አይደለምና በቅንነት ልንመዝነው ይገባል። ድሮን እንደ ቪቶሪዮ በሰከንድ አልፎ አይሄድም፤ ለሰዓታት ያንዣብባል፣ አጥርቶ ያያል፣ ያየውንም ሁሉ ይቀርጻል። እውነት ነው። እንዲያውም ከፎካሪው ምላስ ይልቅ የድሮን ካሜራ የታመነ ምስክር ነው፤ ሰዓቱን፣ ቦታውንና የተኮሰውን ያውቃል። ነገር ግን ከዚህ የሚከተለው ድሮኑን የሚያስመሰግን አይደለም። ቀድሞ ገዳዩ ያልታወቀው ማስረጃ ጠፍቶ ነው ይባል ነበር። አሁን ማስረጃው አለ፤ ስሙ ተጽፏል፣ ትእዛዙ ተመዝግቧል፣ ምስሉ ተቀምጧል፤ የጠፋው የሚከፍተው ነው። ተመዝግቦ የተቈለፈ ስም ካልታወቀ ስም የባሰ ነው፤ ምክንያቱም ሟቹን ያላወቀው ሰው ሳይሆን ያወቀው ሰው ዝም ብሎታል።

ወደፊት የሚመጣው ግን ከዚህም ይለያል። በሚያዝያ 2016 ዓ.ም. የአሜሪካ አየር ኃይል ሚኒስትር ፍራንክ ኬንዳል በአንድ የሙከራ ተዋጊ ጀት ተሳፍረው፣ የሰው ሠራሽ አስተውሎት ፕሮግራም አይሮፕላኑን እያበረረ ከሌላ ተዋጊ ጋር የልምምድ ፍልሚያ ሲያደርግ ተመልክተዋል። ሚኒስትሩ መንገደኛ ነበሩ ማለት ነው። መሣሪያ ከሰው እጅ ጋር ሲታገል ምን እንደሚሆን እኛም በሐዘን ተምረናል። መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. በቢሾፍቱ አቅራቢያ በወደቀው የአየር መንገዳችን ማክስ አይሮፕላን ላይ፣ አንድ የተሳሳተ መለኪያ የነገረውን ያመነ ፕሮግራም የአይሮፕላኑን አፍንጫ ደጋግሞ ወደ ታች ገፋው፤ አብራሪዎቹ ቢታገሉትም 157 ሰዎች አለቁ። ያ ፕሮግራም ማንንም ለመግደል አልተሠራም ነበር። ምርመራ ስለነበረ ግን የፕሮግራሙ ስም ወጣ፤ ከፕሮግራሙም አልፎ አምራቹ ኩባንያ በ2014 ዓ.ም. ከሟቾች ቤተሰቦች ጋር በፍርድ ቤት ባደረገው ስምምነት ኀላፊነቱን ተቀበለ። ልብ እንበል፤ ማንም ጥፋተኛው ፕሮግራሙ ነው ብሎ በዚያ አላቆመም።

ለመግደል ተብሎ የተሠራ ፕሮግራም ሲሳሳት ይህን መንገድ ማን ይከተላል? አዛዡ መሣሪያው መረጠ ይላል፤ መሐንዲሱ አዛዡ አሰማራው ይላል፤ መሣሪያው ደግሞ አይፎክርም፣ አይክድም፣ አይጸጸትም። ሽማግሌ በማን ደጅ ድንጋይ ተሸክሞ ይቁም? በጄኔቭ መንግሥታት ከ2006 ዓ.ም. ጀምሮ በዚህ ጉዳይ ሲነጋገሩ ቆይተዋል፤ በታኅሣሥ 2016 ዓ.ም. የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ ስለ እነዚህ መሣሪያዎች ያቀረበውን የውሳኔ ሐሳብ 152 አገሮች ደግፈውታል። በዚያ ውይይት ብዙ የሚነሣው፣ ሰው በመሣሪያው ላይ ይኑረው ስለሚባለው ቍጥጥር መጠን ነው። እኔ በበኩሌ ቍጥጥር የሚለውን ቃል አላምነውም፤ በአንድ ቍልፍ ላይ ጣቱን ያሳረፈ ወታደርም ተቈጣጣሪ ሊባል ይችላልና። ከዚያ ይልቅ ቅድሚያ የምሰጠው፣ መሣሪያው ከመነሣቱ በፊት የአንድ ሰው ስም በወረቀት ላይ እንዲሰፍር፣ ሰው ከሞተም ያ ወረቀትና የካሜራው ምስል ከወታደሩ ክፍል ውጭ ባለ መርማሪ ፊት በተወሰነ ቀን እንዲከፈት ነው። ለባሕር ዳሩ ቦይንግ ሞተር የተደረገውን ያህል ማለቴ ነው፤ ለሞተር ከተቻለ ለገበሬ የማይቻልበት ቴክኒካዊ ምክንያት የለም።