የዛገው ክዳን

ናትናኤል ባግሾ ዋርድ የምሥራቅ ለንደን ሐኪም ነበር። የድንጋይ ከሰል ጭስ ሰፈሩን ስለሞላው በግቢው የተከላቸው ፈርን የተባሉ ተክሎች እየጠወለጉ ሞተውበት ተስፋ ቆርጧል። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1829 ግን ለሌላ ጉዳይ ያስቀመጠው ጠርሙስ አስደነቀው። ገና በሽፋኗ ውስጥ ያለች የእሳት ራት ክንፍ አውጥታ ስትወጣ ለማየት በጠርሙሱ እርጥብ አፈር ውስጥ ቀብሮ ክዳን ገጥሞባት ነበር። ቀን ሲሞቅ የአፈሩ እርጥበት ይተንና መስታወቱ ላይ ያወዛል፤ ሲቀዘቅዝ ተመልሶ ይንጠባጠባል። ከዚያ አፈር አንድ የፈርን ቡቃያና ሣር ብቅ አሉ። ዋርድ ጠርሙሱን ወደ ሰሜን ከሚያይ መስኮቱ ውጪ አኖረው። አራት ዓመት ሊሞላቸው ጥቂት እስኪቀር ድረስ ማንም ውሃ ሳያጠጣቸው ኖሩ፤ ሣሩ እንዲያውም በሁለተኛው ዓመት አበበ።

ዓለም ከዚህ ታሪክ የወሰደው መስታወቱን ነው። በ1833 በተክል የተሞሉ ሁለት የመስታወት ሳጥኖች ከለንደን ወደ ሲድኒ ተላኩ፤ ተክሎቹም ወራት የፈጀውን ባሕር ተሻግረው በሕይወት ደረሱ። ኋላም ተክል ሰብሳቢው ሮበርት ፎርቹን የቻይናን ሻይ ችግኝ ወደ ሕንድ ያሻገረው በእንዲህ ያሉ ሳጥኖች ነው። እኔን የያዘኝ ግን የዚያች የመጀመሪያዋ ጠርሙስ መጨረሻ ነው። ክዳኗ ዛገ። በዝገቱ በኩል የዝናብ ውሃ ገባ። ፈርኑም ሣሩም ሞቱ።

ይህን ባነበብኩበት ሰሞን የእኔም ሳንሲቬሪያ እየሞተ ነበር። ቅጠሉ እንደ ጎራዴ ቀጥ ብሎ የሚቆመው፣ ዳሩ ቢጫ የሆነው፣ በየባንኩና በየሆቴሉ መግቢያ የምናየው ተክል ነው። ኮንዶሚኒየም ስገባ አክስቴ ከራሷ ተክል ከፍላ ሰጥታኛለች። ስለምወደው ጠዋት ጠዋት፣ ጀበናው ሳይጣድ፣ አጠጣው ነበር። ሐምሌ ላይ ቅጠሉ ሲጎብጥ የጠማው መስሎኝ ጨመርኩለት። አንድ ቀን ትልቁን ቅጠል ብነካው ከግርጌው ተነቅሎ እጄ ላይ ቀረ። ሥሩ አጠገብ እንደ በሰበሰ ሽንኩርት ላሽቋል፤ ሽታውም እንደዚያው።

ሳንሲቬሪያ የምዕራብና የመካከለኛው አፍሪካ ተወላጅ ነው። ዘመዶቹ በእኛም ቆላ ይበቅላሉ፤ ከቅጠላቸው ቃጫ እየተፋቀ ገመድ ይሠራበታል። ውሃውን በወፍራም ቅጠሉና ከአፈር በታች ባለው ዝንጅብል መሳይ ግንዱ ያጠራቅማል። የቅጠሉን ቀዳዳዎች ቀን ዘግቶ ሌሊት ስለሚከፍት ያጠራቀመው ቶሎ አያልቅበትም። ሥሩ ግን አየር ይፈልጋል። የአፈሩን ክፍተት ውሃ ሲሞላው ይታፈናል፣ ይበሰብሳል፤ የበሰበሰ ሥር ደግሞ ውሃ መሳብ ስለማይችል ቅጠሉ የተጠማ ይመስላል። እኛም እንጨምርበታለን።

ማሰሮውን ገልብጬ አፈሩን አራገፍኩት። ውሃ ይዞ የማይለቅ ዋልካ ነበር። የላሸቀውን በንጹሕ ቢላዋ ቆርጬ ጣልኩ፤ የተቆረጠው እንዲደርቅ ሦስት ቀን ጋዜጣ ላይ አስተኛሁት። ከዚያ ግማሽ ሸካራ አሸዋ በቀላቀልኩበት አፈር፣ ግርጌው በተበሳ ሸክላ ውስጥ መልሼ ተከልኩት። ከተረፈው ቅጠል ቆርጬ የተከልኩት ቁራጭም ሥር ሰደደ፤ ያወጣው አዲስ ቅጠል ግን አረንጓዴ ብቻ ሆነ። ቢጫውን ዳር ማቆየት የሚፈልግ ግንዱን ከነሥሩ መክፈል አለበት።

አሁን ቀን ቆጥሬ አላጠጣም። ቀጭን እንጨት አፈሩ ውስጥ እስከ ማሰሮው ወገብ እሰድና ጥቂት ቆይቼ አወጣለሁ፤ እርጥብ አፈር ከተጣበቀበት ጊዜው አልደረሰም። በበጋ ሁለት ሦስት ሳምንት ይቆያል፤ በክረምት ከወር በላይ ያለ ውሃ አልፎ ምንም አልሆነም። ጥላ ይችላል፣ የሚያድገው ግን መስኮት አጠገብ ነው። ጨለም ያለ ጥግ ካስቀመጣችሁት ውሃ የሚጠጣው እጅግ ቀስ ብሎ ነውና እዚያ ይበልጥ እጃችሁን ሰብስቡ። አንድ ነገር ላድርግለት ካላችሁ በእርጥብ ጨርቅ የቅጠሉን አቧራ ጥረጉለት።

አክስቴ ለእንቁጣጣሽ ስትመጣ ቅጠሉን ዳሰስ አደረገችና «ይሄማ ውሃ ጠምቶታል» ብላ ጣሳ አነሳች። እንጨቱን አፈሩ ውስጥ ሰድጄ፣ ጥቂት ቆይቼ መዝዤ አሳየኋት። ጫፉ ላይ ጥቁር እርጥብ አፈር ተለጥፎበታል። በጣቷ ነካችውና ጣሳውን መልሳ አስቀመጠች።