አሸንፎ መክዳት

ሰው እያሸነፈ ሊከዳ ይችላል? ነገሩ ቀልድ ይመስላል። የአንድ ኮሌጅ የቅርጫት ኳስ ቡድን ታሪክ ግን ቀልድ እንዳልሆነ ያሳየናል።

የኒውዮርክ ሲቲ ኮሌጅ በዚያን ዘመን የትምህርት ክፍያ የማይጠይቅ፣ የሠራተኛውና የስደተኛው ልጅ የሚማርበት ተቋም ነበር። እ.ኤ.አ. በማርች 1950 የዚህ ኮሌጅ ቡድን ሁለቱን የአሜሪካ ታላላቅ የኮሌጅ ውድድሮች በአንድ ወር ውስጥ አሸነፈ። ባለዝናውን ኬንታኪን 89 ለ50 ረታ። በሁለቱም ፍጻሜ ብራድሌይን ጣለ፤ አንዱን 69 ለ61፣ ሌላውን 71 ለ68። በአንድ ዓመት ሁለቱንም ዋንጫ ያነሣ ሌላ ቡድን እስከ ዛሬ የለም።

ደስታው ዓመት ሳይሞላው፣ በፌብሩዋሪ 1951፣ ከተጫዋቾቹ አንዳንዶቹ ታሰሩ። ለካ ከቁማርተኞች ገንዘብ ተቀብለው ኖሯል!

ውሉ ረቂቅ ነው። ቁማርተኛው «ማን ያሸንፋል?» ብቻ አይልም፤ «በስንት ነጥብ?» ይላል። በ10 ነጥብ ይበልጣል የተባለ ቡድን በ4 ብቻ ቢበልጥ፣ ቡድኑም አሸነፈ፣ ቁማርተኛውም በላ። አንዳንዴ ጨዋታውም አብሮ ይሄዳል እንጂ፣ ሐሳቡስ ይኸው ነው። «ታዲያ ማን ተጎዳ?» ይባላል።

እርግጥ ነው፣ አዳራሹን የሞላው ሕዝብ የከፈለው ገንዘብ ወደ አዘጋጆቹና ወደ ኮሌጆቹ ካዝና ሲገባ፣ ላባቸውን ያፈሰሱት ልጆች ድርሻ አልነበራቸውም። ይህ ግፍ ነው፤ አንክድም። ግን ግፍ የተሠራበት ሰው ግፈኛውን ይሞግታል እንጂ ጓደኛውን ይሸጣል እንዴ? የተሸጠው እኮ ነጥቡ ብቻ አይደለም። ከጎኑ የሚሮጠው፣ ምንም የማያውቀው ልጅ ኳሱን ሲያቀብለው እምነቱንም አብሮ አቀብሎታል። ያ ልጅ በስተርጅናው ያንን ዓመት ሲያስታውስ፣ የትኛው የሳተ ኳስ ስሕተት፣ የትኛው ሽያጭ እንደነበረ መለየት አይችልም። ያሸነፈበትን ቀን እንኳ ይጠራጠረዋል።

እኛስ? «አንዲት ጥያቄ ናት፤ የማንን ማርክ ቀነስኩ?» እያልን አጤሬራ የምንገልጥ ስንቶቻችን ነን? «ከእንቁላሉ በቀጣሽኝ» የሚለው ተረት ትንሿ ሌብነት ታድጋለች ብሎ ያስጠነቅቃል። እኛ ግን አንድ ነገር እንጨምርበታለን፦ ባታድግም እንኳ፣ እንቁላል ሆና ብትቀርም፣ ሌሊቱን በሻማ ሲያጠና ያደረው ጓደኛችን ያገኘው ማርክ ከእኛው ጋር አብሮ ይጠረጠራል። እሱ ደግሞ ምንም አልሸጠም።